ክብ ውስጥ ሦስት ነጥብ

ጥቅምት 4 ቀን

ለልጄ ባል፣

ልጄ በላከችልኝ ጥቅል ውስጥ፣ በካልሲዎቹ መሃል የሸጎጥካት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው። ከሁለተኛው ልጀምር። አዎ፣ መሐላዬ እንዳለ ነው። ልጄን ይዘህ ወደዚያ ሩቅ ከተማ የሄድክ ዕለት፣ ዛሬ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው፣ ድምፅህን አልሰማም ብዬ ምያለሁ፤ አልሰማሁምም። ታዲያ ለምን ትጽፍልኛለህ እንዳትል። ድምፁን አልኩ እንጂ ጽሕፈቱን አላልኩም። ወረቀት አፍ የለውም። ይህን ያሰብኩት ራሴ ነኝ፣ ማንንም አላማከርኩም።

ጽሕፈቴን አይተህ አትሳቅ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ናት፣ እሱም ጢሜ ከሸበተ በኋላ። በሕይወት ሳለች ለልጃችን የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ «ይህንንም ጨምሪበት» እል ነበር። አሁን የሚጽፈውም ከጎን የሚቆመውም እኔው ነኝ። በአናጢ እርሳስ ስለምጽፍ ፊደሉ ወፍራም ነው፤ ለዓይንህ ይመችህ ይሆናል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልመለስ። የተበላሸው የባትሪ መሰርሰሪያዬ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ከዳነም በኋላ በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ ማዞር አልቻለም። ሥራ በቃኝ ብዬ አኩርፌ ስቀመጥ ባለቤቴ ልብስ ሰፍታ ካጠራቀመችው ይህን ገዛችልኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት በርና መስኮት ሁሉ በእሱ የተበሳ ነው። አንተ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነህ፣ ብዙ ታያለህ ይባላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን እጅህ ገብቶ አያውቅም።

አሁን ስጫነው አንድ ጊዜ ያቃስትና ቀጥ ይላል። ገበያ ያለው ዕቃ ሻጭ አገላብጦ እንኳ ሳያየው «አባት፣ የዚህ ጊዜው አልፏል፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። «ያንተም ያልፋል» ብዬው ወጣሁ። ልጄም በስልክ አዲስ ልላክልህ ብላኝ ነበር። አልፈልግም ብያታለሁ። የእናትሽን ስጦታ ጥዬ የሱቅ ዕቃ አልጨብጥም አልኳት።

የቸኮልኩት ለሕፃኑ አልጋ ነው። በጥር ትወልዳለች ብላችኋል። አልጋው ዙሪያውን ሃያ አራት ዘንግ አለው፤ እያንዳንዱ ከላይም ከታችም ስለሚገባ አርባ ስምንት ቀዳዳ ይፈልጋል። አሥራ ዘጠኙን እንደበሳሁ መሰርሰሪያው ቆመ። አንዱን በእጅ ሞከርኩና ጠሞ ወጣ፤ ያን እንጨት ለውጬዋለሁ። የልጅ ልጄን ጠማማ አልጋ ላይ አላስተኛም። ያለ አልጋው ደግሞ አልመጣም። ባዶ እጄን ደጅህ ቆሜ ምን ልል ነው? አልጋውን ይዤ ብመጣ ግን የመጣሁት በሥራዬ ነው።

ምን ላድርግ? አጭር አድርገህ ጻፍ።

የልጄ አባት

ጥቅምት 15 ቀን

ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? የእጅዎ አንጓ በብርዱ እንዴት አደረገዎት? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለልጅዎ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት፣ የዕቃ ሻጩ ጋ ስንደርስ በጣም ሳቀች።

አጭር ላድርገው። ባትሪውን ይንቀሉት። ከመሰርሰሪያው ጋር የሚገናኝባቸውን የመዳብ ምላሶች በእርሳስ ላጲስ እስኪያበሩ ይሹዋቸው። በዚህ ጥቅል ውስጥ ቴስተር የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ። ባትሪውን አንድ ሙሉ ቀን ቻርጅ ካደረጉ በኋላ የቴስተሩን ቀዩን ጫፍ በመደመር ምልክቱ፣ ጥቁሩን በመቀነሱ ላይ ያድርጉና የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ሌላው፣ ሲጫኑት አፍንጫዎን ጠጋ አድርገው ያሽቱት። የሽቦ ቃጠሎ ይሸታል? ወይስ ሌላ ነገር?

አንድ ልመና አለኝ። አካሉን አይክፈቱት። ዘጠኙን ብሎን እባክዎ አይንኳቸው።

ስለዚያ ጠረጴዛ ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅ ነበርኩ።

የልጅዎ ባል

ጥቅምት 27 ቀን

ለልጄ ባል፣ ለቴክኒሻኑ፣

ቴስተሩ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምላሶቹን በላጲስ ሳሽ ከስራቸው የወጣውን ጥቁር ነገር ብታይ። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ነው። መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አይቻለሁ። ባትሪው ደህና ነው ማለት ይመስለኛል፤ መሰርሰሪያው ግን አሁንም ያቃስታል።

ስለ ሽታው ጠይቀኸኛል። ይህን ጥያቄ ባትጠይቀኝ በወደድኩ። የሻማ ሽታ ነው የሚሸተው።

አሁን የምጽፈው ከዚህ ወረቀት እንዳይወጣ። በመሰርሰሪያው ጎን ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ታውቃቸዋለህ። ሰጋቱራ ሲገባባቸው አያለሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን ክፍተት ስደፍን የኖርኩ አናጢ ነኝ፤ ክፍተት ካየሁ እጄ አያርፍም። የአልጋውን ሥራ ልጀምር ስል ዕቃዬን ልንከባከብ ብዬ ሻማ አቅልጬ ሁሉንም በሰም ደፈንኳቸው። ከደፈንኩ በኋላ በመሮ ጠርጌ በጨርቅ ወለወልኩት። ቀዳዳ እንደነበረ አታውቅም፣ እንዲህ ያማረ ድፈና ነው። ከዚያ በኋላ የሠራው ሦስት ቀን ነው። እንግዲህ ሳቅ።

ይቅርታህን ግን አልቀበልም። መጀመሪያ ቀን ቤቴ ስትመጣ፣ እኔው በሠራሁት ጠረጴዛ ላይ ምሳ በልተህ፣ ወረቀት አጥፈህ ከእግሩ ስር ከተትክ። በአናጢ ቤት። ባለቤቴ ሳቀች። ጠረጴዛው አይነቃነቅም ነበር፣ ወለሉ ነው የተጣመመው።

ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ከደብዳቤህ ግርጌ ክብ ስለህ ውስጡ ሦስት ነጥብ አድርገሃል። ስም የለህም ወይ? የግድግዳ ሶኬት ይመስላል። ደግሞ ይህን ዕቃ አይተኸው አታውቅም፤ ብሎኖቹ ዘጠኝ መሆናቸውን በምን አወቅህ? እኔ ከውጭ ብቆጥር ስምንት ናቸው።

ሦስተኛው፣ ልጄ ለምን አትጽፍልኝም? ስልክ ላይም ቶሎ ትዘጋለች። ድምፅዋ ትራስ ላይ የተጋደመ ሰው ድምፅ ነው።

የልጄ አባት

ኅዳር 8 ቀን

ለአባባ፣

አልሳቅኩም። ትንሽ ነው የሳቅኩት።

እነዚያ ቀዳዳዎች የሞተሩ አፍንጫ ናቸው፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ሲደፈኑ ጋለ፣ ሲግል ሰሙ ቀለጠና ወደ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጀርባ ላይ ጥፍር የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ካርቦኖች አሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው፤ ከኋላ ሽቦ እየገፋቸው ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሰሙ ከቤታቸው ጋር አጣብቋቸዋል ብዬ እገምታለሁ። የቃጠሎ ሽታ ስለሌለው ሞተሩ በሕይወት አለ። የሚያስፈልገው አልኮልና ትዕግሥት ነው።

ግን እርስዎ አይክፈቱት። በአውቶቡስ ይላኩልኝ፤ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን እመልሰዋለሁ። ለአልጋው ይደርሳል።

የዚህ ዓይነት ዕቃ በአብዛኛው ዘጠኝ ብሎን ነው ያለው። ምልክቷ የሥራ ልማድ ናት። ልጅዎ ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው።

አደራ፣ እንዳይከፍቱት።

የልጅዎ ባል

ኅዳር 19 ቀን

ላንተ፣

ከፈትኩት።

አንድ ጊዜ ብቻ «አይክፈቱት» ብለህ ብትተው ኖሮ ምናልባት በአውቶቡስ እልክልህ ነበር። ደጋግመህ ስትለምነኝ ነው እጄ የበላኝ።

አንድ ጣውላ ላይ የመሰርሰሪያውን ቅርጽ በእርሳስ ሳልኩ። ብሎን በፈታሁ ቁጥር ከወጣበት ቦታ ትይዩ ሥዕሉ ላይ ተከልኩት፤ ስመልስ እንዳልሳሳት ነው። ስምንቱ ወጡና ሽፋኑ እንቢ አለ። ዘጠነኛው ከፋብሪካው ወረቀት ስር ተደብቆ አገኘሁት። ወረቀቱን ልጦ ያላየ ሰው አያውቀውም። ይህን ልብ በል።

ካርቦኖቹ እንዳልከው ተጣብቀዋል። በአልኮል በራሰ ጨርቅ ሰሙን ጠረግሁ፣ በክብሪት እንጨት ቀስ እያልኩ ነቀነቅኋቸው። መጀመሪያ አንዱ ላላ አለ፣ ከዚያ ሽቦው ራሱ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰው። ሁለተኛውም ተከተለ። የአየር ቀዳዳዎቹን በባለቤቴ መርፌ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። እጄ ሳይንቀጠቀጥ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ ከሠራሁ ዓመታት አልፈዋል።

ልገጥመው ስል የጎኑን ሽፋን ሰም ቀርቶበት እንደሆነ ብዬ ወደ መስኮቱ ይዤ ተጠጋሁ። በውስጠኛው በኩል በጋለ ብረት ጫፍ የተጫረ ነገር አለ። ክብ። ክቡ ውስጥ ሦስት ነጥብ። ከስሩ ቀን፣ ሚያዝያ 11፣ እጄ የተሰበረበት ዓመት። ባለቤቴ መሰርሰሪያውን በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችልኝ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው።

ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ስትስል ሦስተኛዋ ነጥብ ወደ ግራ ታጋድልብሃለች። እዚያም አጋድላለች።

ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ይህን ሚስቴ ናት የገዛችልኝ» ስል፣ በሕይወት ሳለች እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ስለማሞግሳት አፍራ ይመስለኝ ነበር።

መሰርሰሪያው ይሠራል። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ቀዳዳ በሳሁ፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ። ይህን የምነግርህ ሥራው ይነገር ብዬ ነው፤ ገና አልታረቅሁህም።

ሁለት ጥያቄ መልስልኝ። ይህ ዕቃ የማን ነው? ልጄስ ለምን ተኝታ ታወራኛለች? ሁለቱንም ሳላውቅ አልቀረሁም። ግን ካንተ እጅ ላንብበው።

ኅዳር 28 ቀን

አባባ፣

የጓዳውን ሳቅ ሳነብ እኔም ተቀመጥኩ።

መሰርሰሪያው አንድ ደንበኛ አይሠራም ብሎ ሱቅ ጥሎት የሄደው ነበር። እጅዎ መሰበሩን፣ ሥራም በቃኝ ማለትዎን ልጅዎ ስትነግረኝ፣ ሞተሩን ከሌላ ዕቃ አውጥቼ ገጠምኩለትና ለእማማ ላክሁት። የጠገንኩትን ሁሉ ውስጡን ምልክት አደርግበታለሁ፤ ተመልሶ ቢመጣ የኔ መሆኑን እንዳውቅ ነው። እጄ ለምዶት በእርስዎም ዕቃ ላይ አደረግሁ። ሲከፍቱት እንዳያዩት ነበር ልመናዬ።

እማማ ያኔ ስልክ ደውለው እንዲህ አሉኝ። «ካንተ መሆኑን ካወቀ በመስኮት ይወረውረዋል። እስኪወደው ድረስ ከኔ ነው እንበለው። ከወደደው በኋላ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንተ ግን ከአፍህ እንዳይወጣ።» ቃል ገባሁላቸው። የሚነግሩበት ቀን ሳይመጣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማን ከቃሉ ይፍታኝ?

ልጅዎ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ተኝታለች። ደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ሐኪሟ እስክትወልድ አልጋ ላይ እንድትቆይ አዟል። አሁን ወርዶላታል። ሕፃኑ ደህና ነው፤ የልቡን ምት ባለፈው ሳምንት ሰምተናል። እንዳልነግርዎ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ «አባቴ ከሰማ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፣ አልጋው ሳያልቅ መምጣት ደግሞ ያሳፍረዋል» ብላ። ደብዳቤዎን አንብባ ዛሬ ንገረው አለችኝ። ትንሽም አለቀሰች፣ የክፋት አይደለም።

መጥተው ሊያዩዋት ከፈለጉ፣ አልጋው ቢያልቅም ባያልቅም፣ በሩ የእርስዎ ነው። ስለ መሐላዎ አይጨነቁ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፣ ጠባብ ናት፤ እኔ ግን እርስዎ ባሉበት ሁሉ ዝም ማለት እችላለሁ። ልምዱ አለኝ።

የልጅዎ ባል

ታኅሣሥ 10 ቀን

ለልጄ፣

«ባል» የምትለውን ቃል ዛሬ ትቻታለሁ። ወረቀት ለመቆጠብ ነው።

የልጄን መታመም ስለደበቅኸኝ ልቆጣህ ብዬ እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ። ቀርጬ ስጨርስ ቁጣው የለም። የዚህ ቤት ሴቶች የሚስጥር ሳጥን አድርገውሃል። እኔ ሳጥን ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ እንዳንተ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ግን ሠርቼ አላውቅም።

ባለቤቴን ግን አልማርኳትም። ፎቶዋ ፊት ቆሜ «አንቺ ሴትዮ፣ ስድስት ዓመት» አልኳት። ከዚያ መሰርሰሪያውን አስነሥቼ አሰማኋት። ያው ስታስበው የነበረውን ነው ያደረግሁት፤ ወድጄዋለሁ፣ አወቅሁ፣ በመስኮትም አልወረወርኩትም።

አሁን አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጠረጴዛው ይነቃነቅ ነበር። አንደኛው እግሩ አጥሯል። አንተ ከመምጣትህ በፊትም አውቅ ነበር። ያጠፍካት ወረቀት ዛሬም ከእግሩ ስር ናት። ባለቤቴ ስትጠርግ እያነሳች መልሳ ትከታት ነበር፤ እሷ ካለፈች በኋላ ደግሞ እኔው ነኝ የምመልሳት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አይነቃነቅም።

ያስቆጣኝም ጠረጴዛው አልነበረም። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ይዘሃት ሄድክ። ያን መናገር ስለከበደኝ በጠረጴዛ አሳበብኩ።

«ልምዱ አለኝ» ያልከው ገብቶኛል። የባለቤቴ ቀብር ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ስታወጣና ስታገባ አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። ሰው ሲያናግርህ በእጅህ ነበር የምትመልሰው። ግቢው ውስጥ ሰው «ይህ ልጅ ዲዳ ነው እንዴ?» ሲል ሰምቻለሁ። የማላይ መስሎህ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ። ያን ጊዜ አመሰግንሃለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እንግዲህ ዘግይቶም ቢሆን አመሰግንሃለሁ። ስለ ወንበሮቹ። ስለ ቴስተሩ። ስለ ስድስት ዓመት ሥራዬም፤ ከዚያ ውድቀት ወዲህ በዚህ መንደር የገጠምኩት በር ሁሉ የኔ ብቻ ሲመስለኝ ኖሮ የሁለታችን ነበር። ልጄን ተኝታ ሳለች ስለምትንከባከብልኝ ደግሞ በእርሳስ የሚጻፍ ቃል አላገኘሁም።

አልጋው አልቋል። አርባ ስምንቱም ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ዘንጎቹ ያለ አንድ ሚስማር ገብተዋል። ለአውቶቡሱ እንዲመች አፈታትቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፣ እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ እንገጥመዋለን። መሰርሰሪያውንም ይዤ እመጣለሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ የሚበሳ አይጠፋም። አንተ ትይዛለህ፣ እኔ እበሳለሁ። ወይም ደግሞ እኔ እይዛለሁ፤ እዚያ ስንደርስ እንነጋገርበታለን።

ከአልጋው ስር፣ ከወለል የሚያይ ሰው ብቻ በሚያየው ቦታ፣ የኔን የአናጢ ምልክት በመሮ አድርጌያለሁ። ከጎኑ ክብ ስዬ ሦስት ነጥብ ጨምሬበታለሁ። ሦስተኛዋን ወደ ግራ አጋድያታለሁ። አንድ ቀን ቢበላሽ ልጁ ለማን እንደሚያመጣው ይወቅ።

ስለ መሐላዬ አስቤበታለሁ። የማልኩት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔው ነኝ፣ ማንንም አላማክርም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በርህን ሳንኳኳ ልጄ ከአልጋዋ እንዳትነሣ። አንተም ቶሎ አትክፈት። መጀመሪያ ከውስጥ ሆነህ፣ ጮክ ብለህ፣ «ማነው?» በል። የተሸከምኩት ከባድ ነው፣ ግን እቆማለሁ።

ደግመህ ብትለኝም አልቆጣም።

አባትህ